በሚዛን የገባው ፈትል

እናቴ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተደራጀችው፤ እሱንም ሳትሰማ።

እህተማርያም ትባላለች። “ትባል ነበር” ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ እጄ ግን ገና አልለመደውም። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል ኖረች። ሊቀ መንበር አልነበራትም፣ ጸሐፊ አልነበራትም፣ ማኅተም የሚባል ነገር ከመታወቂያዋ ላይ በቀር አይታ አታውቅም። እንዲያም ሆኖ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የእሷን ፈትል ለብሶ ክረምቱን ይወጣ ነበር። ያለ ሥልጠና እንዴት እንደቻለችው የሚያስረዳኝ ባለሙያ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያንን ያልተደራጀ ዘመን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ጥጡ ከቆላ ይመጣል። የዳንግላ ነጋዴዎች ያመጡትን እናቴ ከገበያ ትገዛና ፍሬውን ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየዳመጠች ታወጣዋለች። ዘንጉን የሠራው ቀጥቃጭ ነው፤ የቀጥቃጭን ስም በደህና የሚያነሣ የለም፣ ያለ እሱ ዘንግ ግን ጥጥ የምትዳምጥ ሴትም የለችም። ከዚያ በደጋን ትነድፈዋለች፣ ባዘቶ ታደርገዋለች፣ በእንዝርት ትፈትለዋለች። ወንድ እንዝርት አይነካም። ሴት ደግሞ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ አትገባም። ይህን ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ ሕጉ የተጻፈበት ወረቀት ስላልነበረ የሚጥሰውም አልነበረም። ፈትሉ ተጠቅልሎ ልቃቂት ሲሆን፣ ልቃቂቱ ሲጠራቀም፣ በቅርጫት ሆኖ ዳንግላ ይወርዳል፤ ጋሽ ከቢር ቤት።

ጋሽ ከቢር ሸማኔ ናቸው። አባታቸው ለአያቴ ሸምነዋል፣ እሳቸው ለእናቴ። ከወገባቸው በታች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው በእግራቸው ይረግጣሉ፣ በእጃቸው መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ ይወረውራሉ፤ ባለቤታቸው እትዬ ሰውዳ አጠገባቸው ተቀምጠው ማጉን፣ የሚወረወረውን ክር፣ በሸምበቆ ቀሰም ላይ ያጠነጥኑላቸዋል። “ቁጢት በጣሽ” ብሎ የጋሽ ከቢርን ሙያ የሚሰድብ ሰው እንኳ እሳቸው የሠሩትን ጋቢ ተከናንቦ ነበር የሚሰድባቸው፤ ብርድ ላይ ቆሞ መሳደብ አይመችም። እነሱ ሙስሊሞች ናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች። የምንዳርበትንም የምንቀበርበትንም ሸማ የሚሠሩልን እሳቸው ነበሩ፤ ስለ መቻቻል አንድም ዐውደ ጥናት ሳይካሄድ።

ጋሽ ከቢር ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ የአንዷ ፈትል ከሌላዋ ፈትል ጋር አይገናኝም። ያመጣሽው ፈትል ሸማ ሆኖ ላንቺው ይመለሳል። ሸማው ሲያልቅ ከድሩ ጫፍ የተረፈውን ቁራጭ ክር እንኳ በሸማው ጥግ ቋጥረው ይመልሱታል። ክሩ ለምንም አይሆንም፤ “አልቀነስኩብሽም” ማለት ነው። እናቴ ያንን ቁራጭ ከሸማው በፊት ነበር ፈትታ የምታየው። ሁለተኛው ሕግ ተራ ነው። ቀድማ ያመጣች ትቀድማለች።

ጣጣውን ያመጣው ሁለተኛው ነው። አንድ የጥምቀት ሰሞን የጎረቤታችን የእትዬ ስንታየሁ ቀሚስ ከእናቴ ቀሚስ ቀድሞ ተሠራ። እናቴ ቀድሜ ያመጣሁት እኔ ነኝ አለች። እትዬ ስንታየሁ እኔ ነኝ አሉ። ጋሽ ከቢር አንገታቸውን ደፍተው መወርወሪያቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ መወርወሪያው እጃቸው ላይ ነበር። እናቴ ጥምቀትን ባሮጌ ቀሚስ ዋለች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ተነጋግረው አያውቁም። እኔ ያኔ ጡት እጠባ ነበር አሉ። አሁን የራሴ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

አልተነጋገሩም ስል ዝም ተባባሉ ማለቴ አይደለም። እናቴ ለመንገደኛ ሁሉ “የስንታየሁ ፈትል እኮ በቅሎ ማሰሪያ ነው” ትላለች፤ ከአጥር ወዲያ እትዬ ስንታየሁ በአገውኛ መልስ ይሰጣሉ። እናቴ አገውኛ አልሰማም ባይ ነበረች። ስድብ ሲሆን ግን አንድም ቃል አያመልጣትም ነበር።

አምና ግንቦት ላይ እናቴ ታመመች። እንጅባራ ወስደን አሳየናት። ሐኪሙ ደግ ልጅ ነው፤ ወደ ጎን ወስዶኝ ያማራትን ሁሉ ስጧት አለኝ። ቤት ስንመለስ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። “ያማረኝማ አንድ ነገር ነው፣ ወርቄ” አለች። “ከቢር ጋ ያለው ፈትሌ ተሠርቶ ይምጣልኝ።”

የመገነዣዋ ፈትል ነበር። ዓይኗ ደህና በነበረ ጊዜ፣ እንደ ፀጉር አቅጥና የፈተለችው፣ ለዓመታት ከሣጥኗ ሥር ያኖረችው። መስከረም ላይ በኔ እጅ ለጋሽ ከቢር ልካው ነበር። ስወለድ የጠቀለሉኝ በአያቴ ፈትል ነው፣ ስዳር የለበስኩት የእናቴን ነው፣ ስሄድ ግን የራሴን ለብሼ እሄዳለሁ ትል ነበር። ከዚህ ሌላ ኑዛዜ አልነበራትም። መሬቱን አልጠቀሰችም፣ ላሟን አልጠቀሰችም። ወንድሞቼ ቅር ብሏቸዋል።

በማግሥቱ ዳንግላ ወረድኩ። ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ከሰል የጫነ ነበር፤ እኔም ስወርድ ከከሰሉ ብዙ አልለይም ነበር። ከመናኸሪያ በጋሪ ጋሽ ከቢር ቤት ደረስኩ። ጉድጓዱ የለም። አለ፣ ግን በጣውላ ተሸፍኖ ድንች ተቆልሎበታል። እትዬ ሰውዳ እንዲያ ፈዝዤ ሲያዩኝ ተደራጅተዋል አሉኝ፣ ሰው ታሰረ በሚባልበት ድምፅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥር ወዲህ የዳንግላ ሸማኔዎች በሙሉ በአንድ ማኅበር ገብተዋል። ቆርቆሮ የለበሰ ትልቅ ሼድ ተሰጥቷቸዋል፣ መብራት ገብቶላቸዋል፣ በሩ ላይ ከሼዱ የሚረዝም ባነር ተሰቅሏል። ሊቀ መንበሩ ጋሽ ከቢር ናቸው። የተመረጡበትም ምክንያት በስብሰባው ላይ አንድም ቃል ባለመናገራቸው ነው፤ ለሥልጣን የሚመች ጠባይ መሆኑ ታመነበት።

ሼዱ ውስጥ ሳገኛቸው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ከቢርን ከወገባቸው በታች ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ረጅም ሰው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የእናቴን ሁኔታ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ስለ ፈትሉ ስጠይቃቸው መልሰው ስለ ጤናዋ ጠየቁኝ። እንደገና ነገርኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ስለ ጤናዋ ሊጠይቁኝ ሲሉ አጠገባቸው የተቀመጠው ወጣት ቀደማቸው።

ወጣቱ ፀጋው ይባላል፤ ማኅበሩን ያሠለጠነው እሱ ነው። ትሁት ልጅ ነው፣ እየሳቀ ነው የሚያስረዳው፣ ለዚህ ነው መቆጣት ያቃተኝ። ቀድሞ ፈትሉ በየቤቱ፣ በየልቃቂቱ፣ በየሰው ስም ተበታትኖ ነበር አለኝ። አሁን ግን ጥሬ ዕቃ ሁሉ ወደ አንድ መጋዘን ገብቷል። በሚዛን ይገባል፣ በሚዛን ይወጣል፤ አንድ ኪሎ ፈትል ያስገባች የአንድ ኪሎ ሸማ ትወስዳለች። ተራ መጠበቅ የለም። ጭቅጭቅ የለም።

“የእናቴስ?” አልኩት።

“ገብቷል” አለኝ ደስ ብሎት። መጋዘኑንም ከፍቶ አሳየኝ።

ክምር ነበር። ከእንጅባራ እስከ ዱርቤቴ ያለች ሴት ሁሉ የፈተለችው ተፈትቶ፣ ተደባልቆ፣ እንደ አዲስ ተጠቅልሎ እስከ ጣራው ተደርድሯል። እናቴ እዚያ ውስጥ ነበረች። የትኛዋ እንደሆነች ግን እንጃ።

ጋሽ ከቢርን ከእኔ ጋር ትንሽ ወደ ውስጥ ግቡልኝ አልኳቸው። አርባ ዓመት የእናቴን ፈትል የነካ እጅ ነው፤ ያውቀዋል ብዬ አምኜ ነበር። ጎንበስ ብለው ከአንዱ ሳቡ፣ በሁለት ጣታቸው አሹት፣ ወደ ብርሃን አወጡት፣ መለሱት። ከሌላው ሳቡ። እንዲህ ሲሉ ብዙ ቆዩ። እኔም እየጠበቅኩ ነበር፤ ፀጋውም ስልኩን አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፣ ሊቀርጸው ፈልጎ መሰለኝ። በመጨረሻ ጋሽ ከቢር ወገባቸውን ቀና አድርገው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ።

“አላወቅኩትም” አሉ።

እንዴት ከዚህ እንደደረሱ ውጭ፣ የሼዱ ጥላ ሥር ሆነው ነገሩኝ። ሥልጠናው ሦስት ቀን ፈጅቷል፣ ምሳ ነበረው። ፀጋው ግድግዳ ላይ ሥዕል እያሳየ የዓለም ባለ እጆች በጥንት ጊዜ እንዴት ተደራጅተው ይሠሩ እንደነበር አስተምሯቸዋል። በፈረንጅ አገር በየሙያው ማኅበር ነበራቸው አለ፤ ልጅ ከጌታው ቤት ገብቶ፣ የጌታውን እንጨት እየፈለጠ፣ ለዓመታት ሳይከፈለው ይማራል። በሕንድ አገር ሙያው በዘር ይሄዳል፤ የሸማኔ ልጅ ሸማኔ ነው፣ ሌላ ልሁን ቢል የሚሰማው የለም። በግብፅ ለንጉሡና ለቤተ ጣዖቱ የሚሠሩ ሸማኔዎች በአንድ ግቢ ተሰብስበው፣ ክር ከመጋዘን እየተሰፈረላቸው ይሸምኑ ነበር። ከፈረንጅ በፊት በአሜሪካ ተራሮች ላይ የነበረ አንድ መንግሥት ደግሞ ሴት ልጆችን ከየአገሩ መርጦ፣ በአንድ ቤት ዘግቶ፣ ለንጉሡ ያሸምናቸው ነበር። ለጋሽ ከቢር ያልተዋጠላቸው ይኸኛው ነው። ሴት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ማለት ነው? ብለው ጠይቀዋል። ፀጋው ጉድጓድ አልነበራቸውም ብሎ አረጋጋቸው።

መጨረሻ ላይ ወደ እኛ አገር ሲደርስ ሥዕሉ ላይ የማያውቁት አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ከሥሩ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ “ያልተደራጀ”።

“እና እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩት” አሉ ጋሽ ከቢር። “እነዚያ ሁሉ ክሩን ይቀላቅሉት ነበር ወይ አልኩት። የግብፆቹ ቢቀላቅሉት ችግር የለውም፣ ሁሉም የንጉሡ ነው አለኝ። የእኛስ ንጉሥ ማነው አልኩት። ማኅበሩ አለኝ።”

“እርስዎስ ምን አሉ?”

“ምን እላለሁ፣ ልጄ? ሊቀ መንበሩ እኮ እኔ ነኝ።”

ከዚያ እውነተኛውን ነገር አወጡት። መብራቱም አይደለም፣ ሼዱም አይደለም። ተራው ነው። ዕድሜ ልኬን ሸማ መሥራት አልሰለቸኝም አሉ፤ የሰለቸኝ ማን ቀደመ ነው። ያንቺ እናትና ስንታየሁ በኔ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተጣልተው ዕድሜያቸውን ፈጁ፤ እነሱ ብቻ አይደሉም፣ በየዓመቱ ሁለት ሴቶች በኔ ምክንያት ሰላምታ ያቆማሉ። ልጁ ክሩን ካቀላቀላችሁት ተራ የሚባል አይኖርም ሲለኝ፣ ወላሂ አላህ የላከው መሰለኝ። ፈትሎቹን በጋሪ ጭኜ ያስገባሁት እኔው ነኝ። ስለ መገነዣው ትዝ ያለኝ ከተመዘነ በኋላ ነው።

ሸማ ሰጡኝ። የእናቴን ፈትል ክብደት ያህል፤ አንዲት ግራም አልጎደለም፣ ፀጋው ሁለት ጊዜ መዘነው። ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ሠርተው የጨረሱትም ራሳቸው ጋሽ ከቢር ናቸው። ጥጉን አየሁት። ባዶ ነበር።

“ቁራጩስ?”

“ለማን ልስጠው፣ ወርቅአየሁ?” አሉኝ።

በሚኒባሱ ስመለስ ለእናቴ ያንቺው ነው ማለት እንደምችል አሰብኩ። ሐሳቡ እስከ አዲስ ቅዳም አብሮኝ መጣ። ቤት ገብቼ ሸማውን ጭኗ ላይ ሳስቀምጥላት አፌን እንኳ አልከፈትኩም፤ እጇ መጀመሪያ የሄደው ወደ ጥጉ ነው። አራቱንም ጥግ ዳሰሰች። ከዚያ ሸማውን አልዳሰሰችውም።

“የማን ነው?” አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሼዱን፣ ሚዛኑን፣ ግብፅን። አንድ ጊዜ ብቻ አቋርጣ ስንት ሴት እንዳለችበት ጠየቀችኝ። የቆላውም የደጋውም ሴት ነው አልኳት።

“ስንታየሁስ?”

ለልጃቸው ጋቢ ብለው ጥር ላይ ማስገባታቸውን ሰምቼ ነበር። አሉበት አልኳት።

እናቴ ጣራ ጣራውን አየች። “ጥሩ ነው” አለች። “በምጽአት ቀን ጌታ ‘እህተማርያም’ ብሎ ሲጠራኝ ሁላችንም ብድግ ልንል ነው። እዚያም ስብሰባ ነው ማለት ነዋ።”

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና፣ በቃ በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ቅበሩኝ አለች፤ አቡጀዲን ፋብሪካ ነው የሠራው፣ ቢያንስ የማውቃት ሴት የለችበትም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምግብም ውኃም እንቢ አለች። ንስሐ አባቷ መጥተው፣ ልብስ የሥጋ ነው፣ ነፍስ ራቁቷን ነው የምትሄደው ብለው መከሯት። እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ አባ ራሳቸው የደረቡትን ጋቢ ማን እንደፈተለው አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አባ ሌላ የሚጎበኙት በሽተኛ ትዝ አላቸው።

እኔ ልፈትልላት አልችልም ነበር። ይህን መጻፍ አልወድም፣ ግን ነገሩ ያለ እሱ አይገባም። ልጅ ሆኜ እንዝርቱን ደጋግማ እጄ ላይ አስቀምጣልኛለች፤ ወይ ይበጠሳል ወይ ይወፍራል። መጨረሻ ላይ ተማሪ ብላ ትምህርት ቤት ላከችኝ፣ ሌላ ሙያ ለማይሆነው ሰው እንደሚደረገው። የሰፈሩ ሴቶች በደቦ እንፍተልላት ሲሉ ሰማችና፣ እኔ ጤፍ አይደለሁም፣ አልታጨድም አለች።

ይህ ሁሉ ወሬ አጥሩን ተሻግሮ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ግን ሰሞኑን በአገውኛ የሚመጣ ነገር አልነበረም። የስድቡ መቅረት እናቴን ሳያስጨንቃት አልቀረም፤ አንድ ሁለቴ ስንታየሁ አገር የለችም እንዴ ብላኛለች።

ቅዳሜ፣ ከገበያ መልስ፣ እትዬ ስንታየሁ በራችን ላይ ቆሙ። ዝናቡ በኩታቸው ጫፍ ይንጠባጠባል፤ በብብታቸው ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል፣ እሱ አልረጠበም። ያንን ደጃፍ ሲረግጡ ዓይቼ አላውቅም። ቦታ ለቀቅኩላቸው፣ እሳቸው ግን እንደቆሙ ቀሩ።

“ማነው?” አለች እናቴ ፊቷን ሳታዞር። ኮቴያቸውን ከአጥሩ ጀምራ አውቃዋለች።

“በቅሎ ማሰሪያ ይዤ መጣሁ” አሉ እትዬ ስንታየሁ።

እናቴ ዞረች። ሁለቱም ተያዩ። ያረጁ መሆናቸውን ያኔ ነው ሁለቱም የተረዱት መሰለኝ፤ ከአጥር በላይ ድምፅ ይሻገራል እንጂ ፊት አይታይም።

እትዬ ስንታየሁ ላስቲኩን ፈቱት። የራሳቸው መገነዣ ነበር። ገና ማኅበር ሳይቋቋም ጋሽ ከቢር የሠሩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የእሳቸው ብቻ ፈትል። በጥጉ ላይ ቁራጩ ክር እንደተቋጠረ ነው፤ አልፈቱትም። አልጋው ላይ አስቀመጡት።

የእናቴ እጅ ወዲያው አልሄደም። ከዚያ ሄደ። ቋጠሮውን ዳሰሰች፣ ከዚያ ሸማውን፤ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መሐል አድርጋ ቀስ እያለች ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። ስታማው የኖረችውን ፈትል ስትነካው የመጀመሪያዋ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ሳትነካው ነበር ያን ሁሉ ዘመን ስለ እሱ ያን ያህል የምታውቀው። እትዬ ስንታየሁ እንደ ተማሪ ቆመው ይጠብቃሉ።

“ትንሽ ወፍራም ነው” አለች እናቴ።

“የምትሄጂበት አገር ይብረድ ይሙቅ በምን አውቄ።”

“ለክረምት ይሆናል።”

ከእናቴ አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ወጥቶ አያውቅም። እኔ የተዳርኩ ዕለት ቀሚሴን አይታ “ይሸፍናል” ነው ያለችኝ። እትዬ ስንታየሁም ገብቷቸው ኖሮ እግር ሥር ካለው በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ።

“አንቺስ በምን ልትሄጂ ነው?” አለቻቸው እናቴ።

እትዬ ስንታየሁ ጥግ ላይ የተጣለውን የማኅበሩን ሸማ በአገጫቸው አሳዩ። “በዚያኛው። ያንቺም አለበት አይደል?”

“አለበት። ደህናው የኔ ነው።”

“እሱን እኔ አየዋለሁ” አሉ እትዬ ስንታየሁ።

ውኃ ጠየቀች፣ ሰጠኋት። ከዚያ ሁለቱ ስለ ጥምቀቱ ቀሚስ ተጨቃጨቁ፤ ማን ልቃቂቱን ቀድማ እንዳደረሰች አንዷም አላመነችም። እትዬ ስንታየሁ ሲናደዱ ወደ አገውኛ ገቡ። እናቴ በአገውኛ መለሰች። ዕድሜ ልኬን አልሰማም ስትለኝ የኖረችውን ቋንቋ፣ ከኔ አማርኛ ባልተናነሰ ፍጥነት። ምን እንዳለች አልገባኝም፤ እትዬ ስንታየሁ ግን አፋቸውን በኩታቸው ሸፍነው ሳቁ።

እናቴ ሰኔ መግቢያ ላይ ሞተች፣ ጠዋት፣ ዝናቡ ሳያባራ። በእትዬ ስንታየሁ መገነዣ ተገነዘች። የተቋጠረውን ቁራጭ ከመገነዟ በፊት ፈትቼ ለእሳቸው ልሰጣቸው ብል፣ ተዪው፣ ከሷ ጋር ይሂድ፣ አለዚያ እዚያ ሄዳ ቀነሰችብኝ ትላለች አሉኝ።

ጋሽ ከቢርና እትዬ ሰውዳ ከዳንግላ መጥተው ነበር። ፀጋውም መጥቶ ነበር፤ ክፉ ልጅ አይደለም ብያለሁ። ቀብሩ ላይ ጃንጥላውን ለጋሽ ከቢር ይዞ ራሱ በስብሶ ቆመ። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ቀረብ ብሎ እግዜር ያጥናችሁ አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ አመንትቶ፣ ከእናቴ ጉዳይ አንድ ትልቅ ትምህርት መውሰዱን ነገረኝ። አዲስ አሠራር አስቧል። ከእንግዲህ የእያንዳንዷ ደንበኛ ክር ለየብቻው ይቀመጣል፤ ሥራው በተራ ይሆናል፤ ለግልጽነት ሲባልም የተረፈው ክር ለባለቤቱ ይመለሳል። ባሕር ዳር ላይ እንደ ምርጥ ተሞክሮ ሊያቀርበው ነው። ማን እንዳሰበው ቢጠይቁህስ አልኩት። እኔ ነኝ እላለሁ አለ፣ ሳይዋሽ፤ እውነትም እሱ ራሱ አስቦት ነው የደረሰበት። ጋሽ ከቢር በጃንጥላው ሥር ሆነው መሬት መሬት ያያሉ።

ባነሩ አሁንም አለ፣ ሼዱም አለ፤ እንግዳ ሲመጣ ሸማኔዎቹ ወንበር ላይ ይቀመጡለታል። ጋሽ ከቢር ቤት ግን ድንቹ ተነሥቶ ጉድጓዱ ተከፍቷል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ሰውዳ ስልክ ደውለው፣ ሁለት የዳንግላ ሴቶች ማን ቀደመ ተባብለው እንደተኳረፉ ነገሩኝ። ድምፃቸው ላይ የደስታ የሚመስል ነገር ነበረበት።

እትዬ ስንታየሁ በእናቴ ሣልስት ዕለት የማኅበሩን ሸማ ለመውሰድ መጡ። እናቴ ስለ ስብሰባው ያለችውን፣ ስሟ ሲጠራ ሁሉም ብድግ ይላል ያለችውን ነገርኳቸው። እኔም እነሣለሁ አሉ፤ መነሣትማ መብቴ ነው፣ ትናደድ። ከዚያ ሸማውን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን ወጡ። አፍንጫቸው ላይ እስኪደርስ አስጠጉት፣ ገለበጡት፣ ዘረጉት። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

“ይቺ የእሷ ናት” አሉኝ። “አየሽ እንዴት እንደቀጠነች? ሁልጊዜ ትቸኩል ነበር።”

ጋሽ ከቢር ያልለዩትን እሳቸው ለዩ። አልተከራከርኳቸውም። ጎንበስ ብዬ አብሬያቸው አየሁት።